የእድር ዳኛና የጤና ጣቢያ ቦርድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ የጊቤን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ፣ ጅማ ሳይደርስ፣ በኦሞ ናዳ ወረዳ ውስጥ አሰንዳቦ የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ከተማዪቱ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በጥናት ረገድ ያልታወቀች አይደለችም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ያቋቋመው የመስክ ምርምር ማእከል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2005 ጀምሮ የአካባቢውን ቤተ ሰቦች ሲቈጥር፣ ልደትንና ሞትን፣ መጤንና ተሰዳጅን ሲመዘግብ ቈይቷል፤ አሰንዳቦም ከተመዘገቡት ቀበሌዎች ውስጥ ናት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ የሕዝባቸው ኑሮና ሞት በጥንቃቄ ከተቈጠረላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት ለማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ግን ሕዝቡን ስለሚቈጥሩት ሰዎች አይደለም፤ ሕዝቡ በፋንታው ማንን ሊቈጥርና ሊጠይቅ እንደሚችል ነው። የጤና ጣቢያን ሥራና ገንዘብ የሚመራ ቦርድ አለ። ቦርዱንስ ማን ይመራመረዋል? ትችቴ በአንድ ጤና ጣቢያ ወይም በአንድ ሹም ላይ እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ፤ ትችቴ በሥርዐቱ ላይ ነው።

አስቀድሞ የቦርዱን አመጣጥ መግለጽ ይገባል። ቀድሞ በሽተኛ ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የሚከፍለው ገንዘብ በጤና ጣቢያው አያድርም ነበር፤ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ገንዘቡን የሰበሰበው ጤና ጣቢያ ጓንትና መርፌ ሲያልቅበት የበጀት ዓመቱን መለወጥ ከመጠበቅ በቀር መላ አልነበረውም። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት የገንዘብ ምንጭ ስልት ይህን ለማረም የታሰበ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የአማራ፣ የኦሮሚያና የደቡብ ክልሎች ሕግ አውጥተው፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ከመደበኛው በጀት ጋር ጨምረው ለራሳቸው አገልግሎት እንዲያውሉት ፈቀዱ። ገንዘብ በቦታው ከቀረ ጠባቂ ያስፈልገዋልና ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ዕቅድንና በጀትን ያጸድቃል፣ የውስጥ ገቢው ለምን እንደሚውል ይወስናል፣ ሥራውንም ይቈጣጠራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጥቅሙንም መካድ አይገባም።

ጥያቄው በወንበሩ ላይ ስለሚቀመጡት ሰዎች ነው። እንደ ተለመደው አሠራር የቦርዱ ሰብሳቢ ከአስተዳደሩ ወገን የሆነ ሰው ነው፤ ከጤናና ከገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ተወካዮች ይጨመራሉ፤ የጤና ጣቢያው ኀላፊ ጸሐፊ ይሆናል፤ ከሠራተኛውም አንድ ሰው ይገባል፤ በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ። አሁን ይህን ዝርዝር ልብ ብለን እንመልከተው። በጀቱን የሚሰጠው ወገን በቦርዱ አለ፤ በጀቱን የሚያወጣው ወገን በቦርዱ አለ፤ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው በስብሰባው የሚመረመረው ሰው ራሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ውጭ ሆኖ የሚያይ ዐይን የሕዝብ ተወካዩ ብቻ ነው። እርሱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያጨው ያው አስተዳደሩ ነው። ተወካዩ ከስብሰባ ሲወጣ ወደ ማን እንደሚመለስና ለማን እንደሚናገር የሚያስገድደው ግልጽ ሥርዐት አይታይም። እንግዲህ ሕዝቡ በቦርዱ ውስጥ ወንበር አለው፤ ነገር ግን ከወንበሩ ወደ ሕዝቡ የሚመለስ መንገድ የለውም።

ይህን ጉድለት በትክክል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ እዚያው ሰፈር ውስጥ ያለውን እድር መመልከት ይበቃል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እድር አለው። የእድሩን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚመርጡት ወርኀዊ መዋጮ የሚከፍሉት አባሎች ናቸው። ምን ያህል እንደ ገባ፣ ለየትኛው ለቅሶ ምን ያህል እንደ ወጣ፣ የድንኳኑና የወንበሩ ኪራይ ስንት እንዳስገኘ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ሒሳቡ ያልጣመው አባል ተነሥቶ ይጠይቃል፤ ዳኛውም በሚቀጥለው ሳምንት ከዚሁ ጠያቂ ጋር በአንድ ለቅሶ ቤት ስለሚቀመጥ መልስ ሳይሰጥ ሊያልፍ አይችልም። ያጠፋም ይሻራል። የእድር ቍጥጥር ኀይሉ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ እነዚህም በአደባባይ መምረጥ፣ ሒሳብን ድምፅ አውጥቶ ማንበብና መሻር ናቸው። በጤና ጣቢያ ቦርድ ግን ሕዝቡ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ በእርግጥ በእጁ ይዟል ለማለት ያስቸግራል።

እድርን ያለ መጠን ማመስገንም ስሕተት ይሆናል። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ድኻ ከእድር ውጭ ይቀራል፤ የሴቶችም ድምፅ በብዙ ቦታ ከወንዶቹ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ እድር ጥቂት ጎረቤቶችን የሚሰበስብ ሲሆን አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ዛፍ ሥር ሊሰበሰብ አይችልም። ነገር ግን የብዛቱ ችግር ውክልናን አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ ሒሳብ መስጠትን አያስቀርም።

በጅማ ምድር ተወካይ ከላይ የሚሾም መሆኑ ለምን እንግዳ እንዳልሆነ ታሪክም በጥቂቱ ያስረዳናል። በሌሎች የኦሮሞ አገሮች የገዳ ጉባኤ መሪዎቹን በየ8 ዓመቱ ሲለዋውጥ፣ በጅማ ግን የአባ ጅፋር ቤት ነገሥታት ሥልጣንን በእጃቸው ሰብስበው አገሩን በሾሟቸው አባ ቆሮዎች ያስተዳድሩ ነበር። አባ ቆሮው በሕዝቡ መካከል ይኖራል፤ ተጠያቂነቱ ግን ለሿሚው ነው። ከዚያም በኋላ የተከታተሉት መንግሥታት ይህን ልማድ አጠነከሩት እንጂ አላፈረሱትም። ስለዚህ የዛሬው የቦርድ አባል ራሱን የሕዝብ እንደራሴ ሳይሆን የአስተዳደሩ መልእክተኛ አድርጎ ቢቈጥር ሊያስደንቀን አይገባም።

የጤና ሚኒስቴር በ2010ዎቹ ዓ.ም. ያስፋፋው የማኅበረሰብ የነጥብ መስጫ ካርድ ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው። ተገልጋዮች ተሰብስበው ለጤና ጣቢያቸው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ርኅራኄና አክብሮትን፣ ወረፋን፣ የመድኃኒትንና የምርመራን መገኘት፣ የውሃንና የመብራትን ነገር፣ አምቡላንስን፣ ንጽሕናን ይመዝናሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ቅሬታ ማሰማትና መቈጣጠር አንድ አይደሉም። ካርዱ መድኃኒት መጥፋቱን ሊናገር ይችላል፤ የመድኃኒቱ ገንዘብ ለምን እንደ ዋለ ግን አይጠይቅም። ነጥብ የሰጠችው እናት ነጥቧ በቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ምን ውሳኔ እንዳስከተለ ካልሰማች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ቀርታ ቡናዋን ብትለቅም ማን ይፈርድባታል?

ጉዳዩን አሁን አጣዳፊ የሚያደርገው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነዚያ አንዱ በጅማ ዞን የሚገኘው የሊሙ ኮሳ ወረዳ ነበር፤ ከዚያም ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ገበሬው ቀድሞ የሚከፍለው ሲታመም ነበር፤ በመድን ግን የሚከፍለው በጤናው ቀን፣ እህሉ ወይም ቡናው ሲሸጥ ነው። ያልታመመ ሰው አስቀድሞ የሚከፍለው በእምነት ነው። ይህ ሰው ታሞ ሲመጣ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ ቢባል በእጁ ያለው ቅጣት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን አለማደስ ነው። ይህ ቅጣት ግን ከሹሙ ይልቅ የሚጎዳው ራሱንና ድኻ ጎረቤቱን ነው። የመጠየቂያ መንገድ ያልተሰጠው አባል መውጫውን ብቻ ቢፈልግ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ያልተማረ ሕዝብ የጤና በጀትን አይረዳም የሚል ነው። ነገር ግን በቡና ገበያ ሚዛን ፊት የቆመ ገበሬ እያንዳንዱን ኪሎ እንደሚከታተል የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ያልተረዳው ሒሳብ ያልታየው ሒሳብ ነው፤ የማያዩት አገር አይናፍቅም እንደ ተባለው፣ መዝገቡን አይቶ የማያውቅ ሕዝብ መዝገቡን አይጠይቅም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ተወካዮቹ በምርጫ ቢመጡ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል የሚል ነው። ይህም በቂ አይደለም። በኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2022 የነበሩት የአውራጃ ጤና ቦርዶች እስከ 11 ከሚደርሱት አባሎቻቸው 7ቱ በሕዝብ ምርጫ የሚገቡ ነበሩ፤ ብዙ መራጭ ግን ድምፁን አልሰጠም፤ በመጨረሻም መንግሥት ቦርዶቹን አፍርሶ ሥራቸውን በአንድ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ጠቀለለው። ምርጫ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ቀን ነው፤ ቍጥጥር ግን የየወሩ ሥራ ነው።

ስለዚህ እንዲሻሻል የምመክረው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። አንደኛ፣ የሕዝብ ተወካዮቹን አስተዳደሩ ከሚያጫቸው ይልቅ እድሮችና የመድኑ አባሎች በጉባኤ ይምረጡ፤ ከእነርሱም ሴቶች አይጓደሉ። ሁለተኛ፣ የውስጥ ገቢውና ወጪው በየሩብ ዓመቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በገበያ ቀንም ሕዝቡ በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ ይነበብ። እኔ ይህን ትችት በአማርኛ ብጽፈውም፣ የአሰንዳቦ ገበያተኛ ሒሳቡን መስማት የሚገባው በገዛ ቋንቋው ነው። ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ሰው ከሚመረመረው ሰው የተለየ ይሁን።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚቀር ዕዳ አለ። በጅማ የሚማር የጤና ተማሪ ወደ እነዚህ ከተሞች ወርዶ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ እንዲጠይቅ የትምህርቱ ሥርዐት ያዝዘዋል። እናቶች ሥራቸውን ትተው መልስ ይሰጡናል፤ እኛም መልሳቸውን ይዘን ነጥብ ወደምናገኝበት ክፍል እንመለሳለን። ቦርዱን መልሰህ ንገረን የምንል ከሆነ፣ የቈጠርነውን ለተቈጠረው ሰው መልሰን መንገር ከእኛ ሊጀመር ይገባል።