መሰርሰሪያ የማይጮህበት የጥርስ ሕክምና

የልጅ ጥርስ ሲቦረቦር ብዙ ችግረኛ ወላጅ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ማስነቀል። «የወተት ጥርስ አይደል፣ ሌላ ይበቅላል» ይባላል። እኔ ማመስገን የምፈልገው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረውን፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የሚሠራውን የጥርስ አሞላል ነው። ባለሙያው የበሰበሰውን ክፍል ጫፏ እንደ ማንኪያ በጎደጎደች ትንሽ መሣሪያ ጠርጎ ያወጣል፤ ጉድጓዱን ግላስ አዮኖመር በሚባል ሲሚንቶ ሞልቶ በጣቱ ይጫነዋል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። የሚጮህ ማሽን የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የማደንዘዣ መርፌም አያስፈልግም። ልጅ ደግሞ ከሁሉ የሚፈራው እነዚህን ሁለቱን ነው! ሲሚንቶው ከጥርሱ ጋር በራሱ ይጣበቃል፤ ፍሎራይድም ይለቃል። የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ልጁን አስተኝቶ መሥራት ስለሚቻል፣ እናት የቀን ሥራዋን ትታ ከተማ ለከተማ አትንከራተትም። ነርቩ ለተነካ ወይም መግል ለቋጠረ ጥርስ ግን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሲሚንቶ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ የልጅዎ ጥርስ ላይ ጥቁር ነጥብ ካዩ፣ ሕመሙ ሳይጀምረው የጥርስ ባለሙያውን «በእጅ መሣሪያ መሙላት ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።