የሳምንቱ ርዕስ

ሳሪስ አቦ አካባቢ ያለን ጥቂት ጓደኛሞች እሑድ እሑድ ሻይ ቤት ስንገናኝ ተረኛው አንድ ርዕስ ይጥልልናል፤ በሳምንቱ ሁላችንም አንዳንድ ገጽ ጽፈን እናነባለን። ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ባይኖር ግን አብዛኞቻችን ትምህርት ከጨረስን ወዲህ ለራሳችን ብለን ብዕር አናነሳም ነበር።

እኔ የምወደው የርዕሱን ጠባብነት ነው። «ፍቅር» ወይም «አገር» የተባለ ሳምንት ሁላችንም ሌላ ቦታ ያነበብነውን ይዘን እንመጣለን። «ታክሲ ውስጥ የተረሳ ጃንጥላ» ሲባል ግን አንዱ ስለ ረዳቱ ጻፈ፤ አንዷ ስለ ሟች አባቷ፤ ሌላው ጃንጥላውን ራሱን አናገረው። ስንት ዓመት አብረን ሻይ ጠጥተን ስለ አባቷ ሰምተን አናውቅም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። በግእዙ ሰዋስውና በቤቱ ልክ ታጥሮ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት፤ የሌላውን መድገም ነውር ነው። የእኛ አጥር ከዚያ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው፤ መምህርም የለንም። ቢሆንም «ይቺን ባለፈው ብለሃታል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም።

ከመጻፉ ይልቅ የሚከብደው ርዕስ መስጠቱ ነው። የዚህ ሳምንት ተረኛ «ያልተመለሰ የጎረቤት ድስት» ብላናለች፤ የማን ድስት እንደሆነ ግን አልተናገረችም።