ከበርጩማ የሚለካ መብራት

ለመብራት ሥራ ወደ ሰው ቤት ስጠራ ከመሰላሉ በፊት የምጠይቀው መቀመጫ ነው። ባለቤቶቹ የደከመኝ ይመስላቸውና ውኃ ሊያመጡልኝ ይነሣሉ። እኔ ግን ቤተሰቡ ማታ ማታ በሚቀመጥበት ቦታ፣ እነሱ በሚቀመጡበት ከፍታ ተቀምጬ ወደ ላይ ማየት አለብኝ። ተንጠልጣይ መብራት የሚሰቀለው መሰላል ላይ ተወጥቶ ቢሆንም ቁመቱን የሚወስነው የተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ቤት ውስጥ መብራት ሰቅያለሁ።

ሙያውን ስጀምር የተማርኩት ደንብ አጭር ነበር። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ ከ70 እስከ 75 ሴንቲሜትር፣ ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ደግሞ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10። ደንቡ ስሕተት የለበትም። የምግብ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ15 እስከ 1 ሜትር ከ20 ላይ ይውላል። የመብራቱ የታችኛው ጠርዝ 1 ሜትር ከ45 ወይም 1 ሜትር ከ50 ላይ ሲሆን ፊት ለፊት የተቀመጡት ሳይጋረዱ ይተያያሉ፣ ብርሃኑም ገበታው ላይ ያርፋል። ደንቡ የወጣው ግን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚበላበት፣ ጠረጴዛውም ከዓመት ዓመት ከቦታው ለማይነቃነቅበት ቤት ነው።

«ከፍ አድርገህ ኮርኒሱ ሥር ብትሰቅለው ምን ቸገረህ?» የሚሉኝ አሉ። ችግሩ ብርሃን በርቀት ቶሎ የሚደክም መሆኑ ነው። ከጠረጴዛው 1 ሜትር ከ60 ርቆ የተሰቀለ አምፖል ወደ 80 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል፣ ከሥሩ ያለው ገበታ ላይ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አምፖሉ ያው፣ የመብራት ሒሳቡም ያው። ኮርኒስ ሥር የተለጠፈ ደማቅ አምፖል ክፍሉን ሁሉ እኩል ያነጣዋል፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ መብራት ግን ሰዎቹን አንድ ላይ ይሰበስባቸዋል። ማታ ተሰብስበው የሚበሉ ሰዎች ፊታቸው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከገበታው ተንጸባርቆ የሚወጣው ነው፤ የሰው ፊት በዚያ ብርሃን ያምራል።

ዝቅ ማድረግ ግን አንድ ዕዳ አለበት፤ አምፖሉ ዓይን እንዳይወጋ መደበቅ አለበት። በዚህ ጉዳይ ዴንማርካዊውን ፖል ሄኒንግሰንን (1894–1967) የሚያህል ሰው አላውቅም። ያደገው በላምባ መብራት ብርሃን ነው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ያስጨነቀው የራቁቱ አምፖል ጨካኝነት ነበርና ዕድሜውን ሽፋን ሲያጠና ኖረ። በፈረንጆቹ 1958 የወጣው ፒኤች 5 የተባለው መብራቱ ከየትም አቅጣጫ ቢታይ አምፖሉን አያሳይም። በስሙ ውስጥ ያለው 5 የትልቁን ሽፋን የ50 ሴንቲሜትር ስፋት የሚያመለክት ነው። ከጠረጴዛ በላይ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ ተደርጎ እንዲሰቀል ይመከራል፤ ያን ያህል ዝቅ ለማለት የቻለው አምፖሉን ስለደበቀ ነው። በእኛ ገበያ በብዛት የሚሸጠው ጥርት ያለ ብርጭቆ ውስጥ አምፖሉ ፍንትው ብሎ የሚታይ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን ገዝተው ሲጠሩኝ ቢያንስ አምፖሉን ወተት በመሰለው እንድቀይርላቸው አጥብቄ እለምናለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት የብርጭቆ መብራቶች ከምግብ ጠረጴዛ በላይ በአንድ መስመር ሰቀልኩ። ልኬ እንከን አልነበረውም፤ ባልና ሚስቱም ወደዱት። ፋሲካ ደረሰ። ምግብ እንዲደረደርበት ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተጠጋ፣ ወንበሮቹ ቤቱን ሞሉ፣ ሦስቱ መብራቶች እንግዶቹ ከተቀመጡበት በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። አንድ ሽማግሌ ገቡ። ቤቱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ሽማግሌው «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ብለው ሳይጨርሱ ከመካከለኛው መብራት ሥር የነበረው ወጣት ብርጭቆውን በግንባሩ መታው። ብርጭቆው ተሰበረ፣ የልጁ ቅንድብ ተሰነጠቀ። በማግስቱ ሲደውሉልኝ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ጠረጴዛውን ለክቻለሁ፤ ቤቱ እንዴት እንደሚኖር አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ለበዓል ይህ ጠረጴዛ ይነሣል?» የሚል ሆኗል። መልሱ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ «አዎ» ነው። እኛ ሰው ሲመጣ የምንነሣ፣ ቤት የምናሰፋ፣ ዕቃ የምናዘዋውር ሰዎች ነን። መብራቱም አብሮን መነሣት አለበት። ስለዚህ ገመዱን ረዘም አድርጌ አስቀርና ኮርኒሱ ላይ ሁለተኛ መንጠቆ እተክላለሁ። በአዘቦት ቀን መብራቱ በቦታው ዝቅ ብሎ ይውላል፤ በበዓል ቀን ገመዱ በሁለተኛው መንጠቆ ላይ ይታጠፍና ከራስ በላይ ከፍ ይላል። በክብደት ወይም በስፕሪንግ ከፍና ዝቅ የሚሉ መብራቶችም አሉ፤ ካገኛችሁ ደኅና ናቸው። መንጠቆው ግን ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይርቅም።

መንጠቆው ሌላም ጥቅም አለው። ግንበኛው የመብራት መስመር ያወጣበት ነጥብ የክፍሉ መሐል ነው። ሰው ግን መሐል ላይ አይኖርም። በልጅነቴ አያቴ ቤት ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ሚስማር ነበረው፤ ሥራ ሲኖር ግን ፋኖሱ ተነሥቶ ወደ ሠራተኛው ይሄድ ነበር፣ እንጀራ ወደሚጋገርበት፣ ጥጥ ወደሚፈተልበት። ኤሌክትሪክ ሲገባ ሰውዬው ወደ መብራቱ መሄድ ጀመረ። ገመዱን ከመሐሉ ነጥብ ወስዶ በመንጠቆ ወደሚኖሩበት ማዕዘን ማምጣት ፋኖሱን ወደ ቀድሞ ልማዱ መመለስ ነው።

ይህን በደንብ ያስተማሩኝ ጉለሌ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ መብራቱስ ደማቅ ነው፤ ቡና ስቀዳ ግን አይታየኝም» አሉኝ። ቆሜ ሳየው ክፍሉ በብርሃን ተጥለቅልቋል። «እማማ፣ እስቲ በርጩማዎት ላይ ልቀመጥ» ብዬ ተቀመጥኩ። መብራቱ ከጀርባዬ ነበር፤ የራሴ ጥላ ረከቦቱን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ጥቁር ቡና በትንሽ ሲኒ ውስጥ የት እንደደረሰ በጥላ ውስጥ ማየት አይቻልም፤ ለዓመታት የቀዱት በጆሯቸውና በእጃቸው ልማድ ነበር። መብራቱን በመንጠቆ ከፊታቸው ወደ ግራ አመጣሁት። የሚቀዱት በቀኝ ስለሆነ ከግራ የሚመጣ ብርሃን የእጃቸውን ጥላ ከሲኒው ያርቀዋል።

ቁመቱ ግን አስቸገረኝ። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ 1 ሜትር አካባቢ ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወደ ሽፋኑ ሆድ በቀጥታ ይመለከታል፤ ወንበር ላይ ላለው የተደበቀ አምፖል ለእሱ ይገለጥበታል። መብራቱን ዝቅ ባደርገው እንግዳ ይመታዋል፣ ከፍ ባደርገው የእማማን ዓይን ይወጋል። በመጨረሻ ጥልቅ ሽፋን ያለው፣ ከታች በወተታማ መስተዋት የተዘጋ መብራት መረጥኩና 1 ሜትር ከ60 ላይ አሰርኩት፤ ማንም ከማይረማመድበት ከረከቦቱ ጎን ባለው ጥግ። በማንደጃው ትክክል እንዳይሆን ግን ተጠነቀቅሁ። የከሰሉ ሙቀት፣ የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ ጢስ እዚያው ይወጣል። የጨርቅ ሽፋን ይህን ሁሉ ይጠጣና ቶሎ ይጠቁራል፤ ቡና ለሚፈላበት ቤት በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ይሻላል።

ስለ አምፖሉ ቀለም ብዙ አልናገርም። ሳጥኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ አምፖል ከገበታ በላይ አልሰቅልም፤ 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዙ። በነጩ ብርሃን ሥር ቀይ ወጥ ደም ግባቱን ያጣል።

ስለ መንጠቆው ጥንካሬ ግን ዝም ማለት አልችልም። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ሶሌታው በቀጫጭን የብረትና የሲሚንቶ አግዳሚዎች መካከል ባዶ ብሎኬት ተደርድሮ የተሠራ ነው። ድሪሉ ብሎኬቱ ላይ ሲያርፍ በድንገት ወደ ባዶው ይገባል፣ ፊሸሩም የሚይዘው ነገር የለም። ያኔ ጥቂት ሴንቲሜትር ፈቀቅ እያሉ አግዳሚውን እስኪያገኙ መፈለግ ነው። በድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች ደግሞ ኮርኒሱ አቡጀዲ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ወራጁን ፈልጎ ከእንጨቱ ጋር ማሰር ግድ ነው። መብራት በሽቦው ብቻ ተንጠልጥሎ አይደር፤ ክብደቱን ገመድ ወይም ሰንሰለት ይያዝ፣ ሽቦው ላላ ብሎ ብርሃኑን ብቻ ያድርስ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቆጣሪው ጋ ሄጄ አጠፋለሁ፣ በቴስተር አረጋግጣለሁ። መንጠቆውን ከተከልኩ በኋላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ አንጠለጥልበታለሁ። 20 ኪሎ ነው። ለአንድ ሰዓት ከቆየ መብራቱን አምኜ እሰቅልበታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቸኩላችሁ አታድርጉ። የመብራቱን ስፋት ያህል ካርቶን ቆርጣችሁ በሲባጎ በታሰበው ቁመት ላይ ስቀሉትና ሦስት ቀን ኑሩበት። ልጁ ሲሮጥ ይነካዋል? በሩ ሲከፈት ይደርስበታል? ቴሌቪዥኑን ይጋርዳል? ሲባጎውን ማሳጠርና ማስረዘም ምንም አያስከፍልም። መብራቱም ሲሰቀል ትርፉን ገመድ አታስቆርጡ፤ ሠራተኛው ጠቅልሎ ኮርኒሱ ላይ ባለው የመብራቱ ቆብ ውስጥ ይቅበረው። ልጆች ያድጋሉ፣ ጠረጴዛ ይቀየራል፣ ቤተሰብ ይዛወራል፤ የተቆረጠ ገመድ ግን አይረዝምም።

እንግዲህ የመብራት ሠራተኛ ስትጠሩ ልመናዬ ይህ ነው፦ መሰላሉን ከመዘርጋቱ በፊት ቡናው የሚፈላበት ጥግ ውሰዱት፣ በርጩማ ስጡት፣ ከተቻለም በመሸ ሰዓት ይምጣ። ተቀምጦ ወደ ላይ ይይ።