ከሣጥኑ የወጡ ሦስት ፎቶግራፎች

አንድ ወዳጄ፣ «ካነሣሃቸው የተፈጥሮና የባሕር ዳርቻ ፎቶግራፎች የምትወዳቸውን ሦስቱን ምረጥልኝና ሳሎኔ ውስጥ ልስቀላቸው» ቢለኝ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሣጥኑን ከከፈትኩ ግን ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። የሌላውን ሥራ መተቸት ይቀላል፤ የራስ ሲሆን ፍቅር ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል።

መጀመሪያ እጄ የገባው የላንጋኖ ጀንበር መጥለቂያ ነው። ቀለሙ ወርቅ ነው። ያየው ሁሉ «ያምራል» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔም ደግሜ ሳየው፣ ላንጋኖን ላንጋኖ የሚያሰኘው ያ ሻይ የመሰለ ቡናማ ውኃ በወርቁ ተውጦ ጠፍቷል። የየትኛውም አገር ሐይቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እሱን ጥዬ፣ ቀትር ላይ ከብቶች ከደፈረሰው ውኃ ሲጠጡ ያነሣሁትን ተካሁ። ከስሜን ተራሮችም ጉም ገደሉን በከፊል የሸፈነበትን ወሰድኩ፤ ጥልቀቱ የሚታወቀው ባልታየው በኩል ነውና።

ሦስተኛው ላይ ተቸገርኩ። በ1979 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለግል የነበረውን ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ምጽዋ ወርጄ፣ ጉርጉሱም ዳርቻ ያነሣሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ አድማሱ ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ውኃው ይሄዳል። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ከገባች ወዲህ ወሬውን አልሰማንም።

ፎቶ ቤት ላሳጥበው ብወስደው፣ ባለሙያው «ደመና ላግባበት? አድማሱንም ላቃናልዎት?» አለኝ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1857 ታላቁን ማዕበል ሲያነሣ፣ የዘመኑ ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃን ቶሎ ስለሚያቃጥለው፣ ለባሕሩ የሚበቃው ጊዜ ለሰማዩ ይበዛበት ነበር። ስለዚህ ባሕሩን በአንድ፣ ሰማዩን በሌላ ኔጋቲቭ ወስዶ አድማሱ ላይ አጋጠማቸው። አልነቅፈውም፤ መሣሪያው የነፈገውን ለዓይን መመለሱ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ደመና አላየሁም። የምጽዋ ሰማይ በዚያ ሙቀት እንዲያው ነጭ ነበር። እምቢ አልኩ።

ለመሆኑ የመረጥኩት ፎቶውን ነው ወይስ ኀዘኔን? ይህ ጥያቄ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል። መልሱን ያገኘሁት ከዚያው ባለሙያ ነው። ስለ ወንድሜ አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም፤ ሆኖም ፎቶውን አቅርቦ ሲያይ ቆየና፣ «ሰውየው ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። የላንጋኖን ጀንበር ሲያይ ግን የጠየቀው መጠኑን ብቻ ነበር። የማያውቀውን ሰው አስቁሞ የሚያስጠይቅ ፎቶ፣ የእኔን ትዝታ ሳይመረኮዝ በራሱ እግር ቆሟል ማለት ነው።

ሦስቱንም ለወዳጄ ልኬለታለሁ። የምጽዋው አድማስ እንዳዘነበለ ነው፤ ክፈፉን ብቻ ቀጥ አድርጎ እንዲሰቅለው አደራ ብዬዋለሁ።