ቅይጥ ቀይ የወይን ጠጅን ስለ መቅመስና ስለ መፍረድ

የወይን ጠጅ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በጣፋጭነቱ ነው፤ ደረቁ ግን «ኮመጠጠ» ተብሎ ይነቀፋል። ይህ ፍርድ ትክክል ሆኖ አይታየንም። ምክንያቱን ለማስረዳት በዝዋይ የሚጠመቀውን «አካሲያ» የተባለ ደረቅ ቀይ እንመርምር።

የካስቴል ኩባንያ የወይን ተክሉን በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የስምጥ ሸለቆ ምድር ላይ ተከለ፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የቀረበው በ2006 ዓ.ም. ነው። «ሪፍት ቫሊ» የተባለው ከአንድ የወይን ዘር ሲሠራ «አካሲያ» ግን ቅይጥ ነው። በእርሻው ካሉት ቀይ ዘሮች ካበርኔ ሶቪኞ ታኒን፣ ማለት ምላስን የሚያደርቀው ነገር፣ ስለሚበዛበት ለመጠጡ አጥንት ይሆነዋል፤ መርሎ ያለሰልሳል፤ ሲራ የቁንዶ በርበሬን የመሰለ ሽታ ይሰጣል። እንግዲህ የቅይጥ ፈራጅ ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ጎላ?» ብሎ ሳይሆን «አንዱ የሌላውን ጉድለት ሞላ ወይ?» ብሎ ነው።

ቀይ ወይን ጠጅን በኮካ ኮላ በርዞ መጠጣት በብዙ ቦታ ተለምዷል። ስኳር ግን መልካሙንም ክፉውንም አብሮ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በርዞ የጠጣ ሰው ስለ ለስላሳው እንጂ ስለ ወይኑ ሊመሰክር አይችልም። በጃጁራ ገበያ ቅቤ የምትገዛ እናት በጣቷ ቆንጥራ፣ አሽትታና ቀምሳ ትፈርዳለች እንጂ በርበሬ አትጨምርበትም። ዳኝነቱ በአገራችን አለ፤ ወደ ብርጭቆው አላሻገርነውም እንጂ።

«መጠጥ የማይጠጣ ሕዝብ በበዛበት አገር ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሙያው ቀማሽ የቀመሰውን ይተፋል፤ መቅመስና መጠጣት ልዩ ልዩ ናቸው። ገበሬ ወይን ቢተክል የፍሬውን ደረጃ የሚነግረው ስካር ሳይሆን የሠለጠነ ምላስ ነው።

በእኛ አስተያየት «አካሲያ» ደረቁ ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ ሳይሆን ከጥብስ ጋር ወዲያው የሚቀርብ፣ ታኒኑ ያልከበደ፣ ፍሬው የሚሰማ ቅይጥ ነው። ኮምጣጣነቱም ነውሩ ሳይሆን የሥጋውን ስብ የሚቆርጥበት ኃይሉ ነው። ቃና ማለት የጣዕሞች ስምምነት ነው፤ ጣፋጭነት ከእነዚያ ጣዕሞች አንዱ ብቻ ነው።