ርካሹ የትኛው ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ቤቴ መጣ። በአንድ ፎቶ ቤት በረዳትነት የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ተሸክሞ ከአንዱ የሠርግ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲዞር የሚውል ልጅ ነው። ያገለገለች ካሜራ ገዝቷል። ከዚያ ወዲህ በሁለት ዓመት ያጠራቀማት 30,000 ብርም አለችው። «ጋሼ፣ ራሴን ችዬ ልሠራ ነው» አለኝ። «የትኛውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ልግዛ? እርስዎ ስለ ፎቶግራፍ ስለሚጽፉ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ስለ አንድ ዐውደ ርእይ መጻፍና የሰው ልጅ ጥሪቱን የት እንደሚያውል መምከር አንድ አይደሉም። በዐውደ ርእዩ ብሳሳት የሚቀየመኝ ሠዓሊው ነው፤ በዚህኛው ብሳሳት ግን የልጁ ሁለት ዓመት ገደል ይገባል። ስለዚህ «የሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ብዬ አሰናበትኩት። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ያዘጋጀሁት መልስ ነው። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ አንባቢም ይካፈለው ብዬ ወደዚህ አመጣሁት።

«ሃያሲ ስለ ፎቶው እንጂ ስለ መሣሪያው ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል። ዛሬ በየግድግዳውና በየስልኩ የምናየው ፎቶግራፍ ግማሽ መልኩን የሚያገኘው ከካሜራው ከወጣ በኋላ ነው። ድሮም ቢሆን ፎቶ ቤቶች በኔጋቲቭ ላይ በሹል እርሳስ ጠባሳ ይሸፍኑ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ከንፈርና ጉንጭ በብሩሽ ያቀልሙ ነበር። ልዩነቱ ያ እርሳስ አንዴ ከተገዛ የፎቶ አንሺው መሆኑ ነው። የዛሬው እርሳስ ግን ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም በየወሩ ሂሳብ ይልካል።

ነገሩን ከታዋቂው ልጀምር። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች የሠሩትን ፎቶሾፕ የአዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አቀረበው። ለሃያ ዓመት ያህል ፎቶሾፕ ውድ ነበር፤ የገዛው ሰው ግን ገዛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ከእንግዲህ አዳዲሶቹን እትሞች የማገኛችሁ በየጊዜው ስትከፍሉ ብቻ ነው አለ። መግዛቱ ቀርቶ ኪራይ መጣ ማለት ነው። ለፎቶ አንሺዎች የታሰበውና ላይትሩምን የሚጨምረው ጥቅል ለብዙ ዓመታት በወር 10 ዶላር ገደማ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ያ ዝቅተኛው ጥቅል ለአዲስ ደንበኛ መሸጡ ቀረ፤ ቀጣዩ ጥቅል በወር 20 ዶላር ነበር።

የቤት ኪራይ የሚያውቅ ሰው ሂሳቡን አያጣውም። በወር 20 ዶላር በዓመት 240 ዶላር ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበርና፣ ይህ ኪራይ ቢሆን ኖሮ 13,680 ብር ይሆናል። ዓመት ሲሞላው ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሆነ፤ በ130 እንኳ ብናሰላው 31,200 ብር ይመጣል። የልጁ የሁለት ዓመት ጥሪት የአንድ ዓመት ኪራይ አይሸፍንም! በዚያ ላይ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል፤ በብር ብቻ የሚሠራ ካርድ ለያዘ ሰው በሩ ሲጀመርም ዝግ ነው።

ሐቁን መደበቅ ግን አይገባኝም። ፎቶሾፕ ታላቅ መሣሪያ ነው። ከማስታወቂያ ድርጅትና ከማተሚያ ቤት ጋር በየቀኑ ፋይል ለሚለዋወጥና ደንበኛው በወቅቱ ለሚከፍለው ባለሙያ ኪራዩ ወጪ ሳይሆን የሥራ ማስኬጃ ነው። ገና ለሚጀምር ግን አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ዓይነት ነው።

«ታዲያ ማን ይከፍላል? በፍላሽ ይገለበጣል» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በየኮምፒዩተር ሱቁ ከጥቂት ብር ጋር ይጫናል። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው የሕግና የኅሊና ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ፎቶግራፍንም ጥበቃ ከሚገባቸው ሥራዎች ይቆጥራል። «ፎቶዬን ያለ ስሜ ለጠፉት» እያለ የሚያማርር ፎቶ አንሺ ያንኑ ፎቶ ባልከፈለበት ፕሮግራም አስተካክሎት ከሆነ፣ አቤቱታው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው የራሴ ቁስል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ስሙን ከማልጠቅሰው ሱቅ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አስጭኜ ነበር። ለወራት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ጧት ኮምፒዩተሬን ስከፍት አንድም ፋይል አልከፈት አለኝ፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የገባ ቫይረስ ሁሉንም ቆልፎታል። እዚያ ውስጥ የሟች አክስቴ የመጨረሻ የጥምቀት ፎቶዎች ነበሩ። ዋናዎቹም የተስተካከሉትም እዚያው አንድ ዲስክ ላይ ነበሩ። የቀረችልኝ ቀደም ብዬ አሳትሜ ለልጇ የሰጠኋት አንዲት ፎቶ ብቻ ናት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የእኔን ደግሞ ጨርሶ አጨለመው። በነጻ ያገኘሁት መሰለኝ እንጂ እንደዚያ ውድ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም።

እንግዲህ ሳይሰርቁም ሳይከራዩም መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ጊምፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት፣ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት፣ ሊገለብጠውና ሊያሻሽለው የሚችል ነው። ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት እዚህ ላይ ስርቆት አይደለም፤ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል። አንዴ በፍላሽ ከመጣ በኋላ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ትልቁ ጉድለቱ አንድ ማጣሪያ ከተጠቀሙ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መጠኑን ማሻሻል አለመቻሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው ሦስተኛው እትም ይህን በአብዛኛው አቃለለው። ሆኖም ካሜራው የሚሰጠውን ጥሬ ፋይል፣ ፎቶ አንሺዎች «ሮው» የሚሉትን፣ ጊምፕ ብቻውን አይከፍትም። ለዚያ ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። ሁለቱም ዋናውን ፋይል አይነኩም፤ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ከጎኑ በትንሽ ፋይል ይመዘግባሉ። ይህ ለእኔ ከብዙ ጌጥ ይበልጣል።

ዋጋቸው ግን ዜሮ አይደለም፤ የሚከፈለው በትዕግሥት ነው። ዳርክቴብልን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው የአውሮፕላን መሪ ክፍል የገባ ይመስለዋል። የቁልፉ ብዛት ያደናግራል፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይከብደዋል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ትቼው በሦስተኛው ነው የተግባባነው።

በመካከል አፊኒቲ አለ። ሰሪፍ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጣው «አንዴ ክፈል፣ ያንተ ነው» በሚል መርሕ በ50 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ኪራይ ለሰለቸው ፎቶ አንሺ ሁሉ መጠጊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ካንቫ የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በ2025 መገባደጃ ደግሞ አካውንት ለከፈተ ሁሉ በነጻ ለቀቀው፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎቶቹን ግን ለከፋይ ደንበኞቹ አስቀረ። ለጀማሪ ከጊምፕ ይልቅ ይቀናል፤ ልጁ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ነገር ግን የኩባንያ ነጻ ስጦታና የጊምፕ ነጻነት አንድ አይደሉም። አንዱ ሰጪው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ሌላውን ማንም ሊነጥቅ አይችልም።

ይህን የምለው ከጥርጣሬ ተነሥቼ ብቻ አይደለም። በዋናው ፕሮግራም ላይ የሚቀጠሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ፕለጊን የሚባሉት፣ ታሪክ ይመስክር። ኒክ ኮሌክሽን የተባለው ስብስብ በተለይ ለጥቁርና ነጭ ፎቶ የታወቀ ነው። ፊት ላይ አንዲት ነጥብ ታስቀምጣለህ፤ ነጥቧ በአካባቢዋ ያለውን ተመሳሳይ ቀለም ብቻ መርጣ ታበራለች ወይም ታጨልማለች። ጎግል አምራቹን እ.ኤ.አ. በ2012 ገዛ። 500 ዶላር ይጠጋ የነበረውን ዋጋ በ2013 ወደ 149 አወረደው፤ በ2016 ጭራሹን በነጻ ለቀቀው። ዓለም አጨበጨበ። በ2017 ከእንግዲህ አላድሰውም አለ። በዚያው ዓመት ዲኤክስኦ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛውና በቀጣዩ ዓመት እንደገና በዋጋ መሸጥ ጀመረ። አንድ መሣሪያ በስድስት ዓመት ውስጥ ውድ፣ ርካሽ፣ ነጻና ባለ ዋጋ ሆነ። አፕልም አፐርቸር የተባለውን የፎቶ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያቆም፣ ዓመታት የደከሙበት ሰዎች ሥራቸውን ወደ ሌላ ቤት ማጓጓዝ ነበረባቸው።

ስለ ፕለጊን ካነሣሁ አይቀር ዋናውን ቅሬታዬን ላውጣው። በሠርግ ፎቶዎቻችን ላይ የበዛው ቆዳ የሚያለሰልሰው ፕለጊን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የቆዳ ቀለም የመሰለውን ቦታ ይፈልግና ረቂቁን ዝርዝር ያደበዝዘዋል። ቀለም እንጂ ሰው አያውቅምና ጀበናውንም፣ የጭቃ ግድግዳውንም፣ የጥለቱን ቡናማ ክርም ቆዳ ነው ብሎ ያልሳቸዋል። ከዚያ ላይ «ማድመቂያ» ይጨመርበትና ጠይሟ ሙሽራ እንደ ጠመኔ ነጥታ ትወጣለች። እናቷ አልበሙን ስትገልጥ «ይህች ማናት?» ብትል አይፈረድባትም። እነዚህ ዝግጁ ቅንብሮች በሌላ አገር፣ ለሌላ ፊትና ለሌላ ፀሐይ የተሰፉ ልብሶች ናቸው። በፊልሙ ዘመንም የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ቀለም ያስተካክሉ የነበረው ለብዙ ዓመታት በነጭ ሴት ፎቶ ካርድ እያመሳከሩ ነበር። ያ የእነሱ ስሕተት ነበር። እኛ ዛሬ ከፍለን የምንገዛው ግን የራሳችን ስሕተት ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ ወዳጄ የምመክረው ይህን ነው። ፕሮግራም ከመምረጥህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ገቢህ በብር ሆኖ ሳለ ሂሳቡ በማን ገንዘብ ነው? ክፍያውን ባቆም ወይም ኩባንያው ቢዘጋ ሥራዬን የት ከፍቼ አየዋለሁ? ለላይትሩም ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው እትም ኪራዩ ቢቋረጥ ፎቶዎቹን ማየትና ማውጣት አይከለክልም፤ ማስተካከያ ክፍሉን ግን ይዘጋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ይህ መሣሪያ ዐይኔን ያግዘዋል ወይስ ይተካዋል?

ጥሪትህንም እንዲህ አውለው። በዳርክቴብልና በጊምፕ ጀምር፤ ካልተስማማህ አፊኒቲን ሞክር። ፕለጊን ለስድስት ወር አትንካ፤ በእጅህ ልትሠራው የማትችለው ምን እንደሆነ በመጀመሪያ እወቅ። ከ30,000ዋ ላይ ሁለት ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ግዛ፤ አንዱን ከቤትህ ውጭ አስቀምጥ። የጨረስከውን ሥራ ማንኛውም ፕሮግራም በሚከፍተው በቲፍ ወይም በጄፔግ አውጥተህ አስቀር፤ ዋናውን ጥሬ ፋይልም አትጣል። ከዓመቱ ሥራህ የምትወዳቸውን ደግሞ በወረቀት አሳትም።

ወረቀት ያልኩት ከናፍቆት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከከተማችን ነዋሪዎች የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶግራፎችን ይዞ ሲወጣ፣ እነዚያን ፎቶዎች ለመክፈት የማንም ፈቃድ፣ የማንም የይለፍ ቃል አላስፈለገም። ከአልበም ወጡ፤ ታዩ።

ልጁ በቀጠሮው መጣ። ይህንኑ ስነግረው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ የታዋቂውን ፕሮግራም ስም ለደንበኞቹ መጥራት ሳይፈልግ አልቀረም። «ጋሼ፣ ደንበኛ እኮ ለስላሳ ቆዳ ነው የሚፈልገው» አለኝ። ልክ ነው፤ እንጀራው ነውና በቀላሉ አልመለስኩለትም። ተነሥቼ የአክስቴን ፎቶ አመጣሁለት፤ ለልጇ የሰጠኋትን ተውሼ አስገልብጫት ነበር። ግንባሯ ላይ ያለውን መስመር፣ ከዐይኗ ጥግ የሚነሣውን ሽብሽብ፣ በነጠላዋ ላይ ያረፈውን የጧት ብርሃን ረጅም ጊዜ አየው። «ይህን በምን ሠሩት?» ሲል ጠየቀኝ።

በዚያው በተሰረቀው ፕሮግራም ከመሆኑ በቀር፣ ፊቷን አልነካሁትም አልኩት።