ካባውን አየን፤ ሥራውስ?

“ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም” የሚለው አባባል እያረጀ ይመስላል። ባለሙያን በቁሙ ማመስገን ጀምረናል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። የእኔ ቅሬታ አመሰጋገኑ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ አንጋፋ አርክቴክት በተሰናዳ የምስጋና ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። ካባ ተደረበላቸው፤ ዋንጫ ተሰጣቸው። ተናጋሪዎቹ እየተፈራረቁ በሙያ ማኅበሩ ውስጥ የያዙትን የኃላፊነት ወንበር ቆጠሩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ግን አንድ ፕላን፣ አንድ የሕንፃ ፎቶግራፍ አልታየም። ደራሲን ሸልሞ የመጽሐፉን ርዕስ አለማንሳት ይቻላልን?

ይህን ጥያቄ እያብሰለሰልኩ ላስታ ወጣሁ። በላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ሲነሡ ንጉሡ ይነሣል። በትውፊቱ መሠረት ሰዎች በቀን የጠረቡትን መላእክት በሌሊት ይቀጥሉት ነበር። የሌሊቱን ሠራተኛ እናወሳለን፤ የቀኑ ጠራቢ ስም ግን አልደረሰንም። ሠሪን የመርሳት ልማዳችን ዕድሜው ረዥም ነው።

በዘመናችንም ቢሆን እዚህ ከሠሩት አርክቴክቶች ስማቸው እምብዛም የማይነሣ አንድ ሰው አሉ፤ የቤርጋሞው ጣሊያናዊ ሳንድሮ አንጄሊኒ። ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው፣ በ1965 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ድርጅት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ላሊበላን ነበር፤ ጥገናውን የመሩትም አንጄሊኒ ናቸው። ከዚያ ቀደም፣ በ1950ዎቹ፣ ዝናብ ይከላከላል ተብሎ አለቱ ሬንጅ ተቀብቶ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተለቅልቆ ነበር። ድንጋዩ መተንፈስ ተሳነው። የአንጄሊኒ ትልቁ ሥራ ያንን ልባስ ማላቀቅ ነበር። ዛሬ ቤተ አማኑኤል ፊት የሚቆም ጎብኚ የሚያየው ድንጋዩን ነው፤ አርክቴክቱን አያይም። ውበቱም እዚህ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሥራ እዚያው አለ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ የብረት ምሰሶ ያላቸው ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉ። ዝናቡን ከልክለዋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ለጊዜው የታሰበው ጥላ ከረመ፤ ነዋሪውም “ነፋስ ጥሎት ቅርሳችንን ይሰብርብናል” ብሎ ሰጋ። በ2018 አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። አርክቴክቸር መገንባት ብቻ አይደለም፤ ምን መንካት እንደሌለብን ማወቅም ነው። አንጄሊኒ ቀነሱ፤ መጠለያው ጨመረ።

ከራሳችን ሰዎች አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስን እንውሰድ። በ2010 መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የእሳቸው ንድፍ ነው። ከዴኒ ዤራር ጋር ሆነው በ2007 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ከ1886 እስከ 1941 የነበረችውን አዲስ አበባ ሕንፃዎች መዝግቧል። ከተመዘገቡት ቤቶች ስንቱ ፈርሷል! ቤቱ ሲፈርስ መዝገቡ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው ካባ ደርቦ መሸኘት ቀላል ነው፤ ሥራቸውን ማንበብና መከራከር ግን ክብር ነው።

የሙያ ማኅበር አገልግሎትም እንዲሁ በወንበር ብዛት አይለካም። በላሊበላ የጥንቶቹ ጠራቢዎች የዝናቡ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ አለቱ ውስጥ ፈልፍለዋል፤ ጎብኚ ቦዩን ፎቶ አያነሣም፤ ቦዩ ሲደፈን ግን ሕንፃው ይታመማል። የንድፍ ውድድር ፍትሐዊ እንዲሆን መከራከር፣ የሙያ ሥነ ምግባር ማስጠበቅ፣ ጀማሪውን ማስተማር፣ ይህ ሁሉ የቦይ ሥራ ነው። በዚያ ምሽት አንጋፋው ሰው የትኛውን ቦይ ጠረጉ? ማንም አልነገረንም፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

እኔ በበኩሌ የሚከተለውን እመኛለሁ። የሚቀጥለው ምሽት ከአዳራሽ ይውጣ፤ ተሸላሚው ከሠሩት ሕንፃ ደጃፍ ላይ ይደረግ። ፕላኑ ይሰቀል፤ ስሕተቱም ይነገር። ግንበኞቹም ይጠሩና በየስማቸው ይመስገኑ። የላስታ ጠራቢዎች ያላገኙትን እኛ ለዘመናችን ሠሪዎች መንፈግ የለብንም።